ተተኪ የሌለው ሰው

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. በጥር ወር፣ የቆላዋ ፀሐይ ገና ከረፋዱ መፋጀት በያዘችበት ቀን፣ ወልደማርያም ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለው የውሃ ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ከተማ ሲያዘግም፣ ድልድዩ ላይ ከነጅሙዲን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ከሩቅ ቢያየው ኖሮ መንገድ ይቀይር ነበር። ነገር ግን አቀርቅሮ ነበርና የሚሄደው፣ ቀና ሲል የነጅሙዲን አህያ አፍንጫው ሥር ደርሳለች።

ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ በመንገድ ሥራ፣ ኋላም በመንግሥት እርሻው ላይ ሃያ አምስት ዓመት አብረው የኖሩ የሞተር ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ በሁዳዴ፣ ሌላው በረመዳን ሲዝል ተራ ይለዋወጡ ነበር። ነጅሙዲን አምና ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላውና በጡረታ ተሰናበተ። ያን ዕለት ወልደማርያም በሰው ሁሉ ፊት፣ «እንግዲህ ሂድና ጥላ ሥር ተቀመጥ፤ ሞት ሲመጣ አድራሻህ አይጠፋውም» ብሎ ስቆበታል። ነጅሙዲን አልሞተም። ይባስ ብሎ ወፍሯል።

«ወልዴ! ደኅና ነህ ወይ?» አለ ነጅሙዲን አህያውን እየገታ። አህያዋ የጫነችው ሁለት ቅርጫት ሙሉ ፓፓያ ነበር።

«ተመስገን» አለ ወልደማርያም፤ ዓይኑ ግን ከቅርጫቱ አልተነሣም። «ነጋዴ ሆንክ አሉ።»

«ምን ነጋዴ! ጓሮዬን አለማሁ እንጂ። ከማጀቴ ከተማ ያመጣኋቸው የማንጎ ችግኞችም ጸድቀውልኛል፤ አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ደብዳቤህ ደረሰ ሲሉ ሰማሁ።»

«ደርሷል። ሚያዝያ ላይ ሃምሳ አምስት ይሞላሃል ብለው ጽፈዋል። ቢጽፉም አልወጣም። ማራዘሚያ እጠይቃለሁ።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለህ እንዴ? ጉልበቴ አልከዳኝ፣ ዓይኔ አልፈዘዘ። ጡረታ ማለት ከነነፍስ መቀበር ነው። ወርቁን አታስታውሰውም? በወጣ በስምንት ወሩ አይደል የቀበርነው? ጥበቃው ይልማስ፣ ዓመት ሞላ?»

ነጅሙዲን የአህያዋን ልጓም ከድልድዩ ብረት ላይ ጠመጠመና ቀረብ አለ። «ወንድሜ፣ እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። ወርቁ መቼ ወጣ? ሁለት ጊዜ አስራዝሞ፣ ሳንባው አልቆ፣ በቃሬዛ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ነው። ይልማም እንደዚያው ነበር። ጡረታ አልገደላቸውም፤ ያለቀ ገላ ይዘው ነው ጡረታ የገቡት። ሰው ደህናውን ዕድሜ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ሰጥቶ ፍርፋሪውን ይዞ ቤቱ ሲመጣ፣ ቤቱ ምን ያድርግለት?»

«ግማሽ ደመወዝ ሰጥተው ሲሸኙኝ እሰይ ልበል?»

«ግማሽም ቢሆን ያንተው ነው። በየወሩ ከደመወዛችን ሲቆረጥ እንዴት እናጉረመርም እንደነበር ረሳኸው? ዞሮ የመጣው ያ ነው። ምጽዋት አይደለም። ወላሂ፣ የመጀመሪያውን ወር ስቀበል አፍሬ ነበር፤ ሳልሠራ የተከፈለኝ መስሎኝ። ኋላ ሳስበው ግን ሠርቼዋለሁ። ቀድሜ ነው የሠራሁት።»

ይህ መልካም ምክር ነበር። ነገር ግን መልካም ምክር ከሚቀኑበት ሰው አፍ ሲወጣ ስድብ ይመስላል። ወልደማርያም ቃሉን አልሰማም፤ የሚያየው የነጅሙዲንን ንጹሕ ሸሚዝ፣ የሞተር ግራሶ የለቀቀውን ጥፍሩን፣ ቸኩሎ የማያውቀውን አረማመዱን ነበር። ነጅሙዲን ሲለያዩ ሁለት የበሰለ ፓፓያ መርጦ ሰጠው። ወልደማርያም አመስግኖ ተቀበለ። ጥቂት ከራቀ በኋላ ግን፣ ቤት ይዞት ቢገባ ሚስቱ ዘነበች ነጅሙዲንን እንደምታመሰግን አሰበና ፓፓያውን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጦት ሄደ። ለማንም ሳይሰጠው፣ ራሱም ሳይበላው።

ቅናት እንዲህ ነው። የሌላውን ከመውሰድ ይልቅ የራስን እስከመጣል ያደርሳል።

በማግስቱ ወልደማርያም ማመልከቻውን አስጽፎ ወደ እርሻው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ገባ። እዚያ የምትሠራው ሐረገወይን የምትባል ወጣት ናት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የቢሮ ሥራ የተማረች፣ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሯ ተነሥታ የምትቀበል ጨዋ ልጅ ነበረች። ወረቀቱን አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ ወልደማርያም» አለች፣ «ማራዘሚያ በሠራተኛው ፍላጎት ብቻ አይሰጥም። ሥራ አስኪያጁ ‹ተተኪ አልተገኘለትም› ብለው መጻፍ አለባቸው።»

«እንግዲያው ይጻፉ። የለኝማ።»

«በቀለስ?»

«በቀለ!» ወልደማርያም ስሙን እንደ መራራ ቅጠል ተፋው። «በቀለ ደብተር ነው የሚያውቀው። ሞተር አያውቅም።»

በቀለ ከሁለት ዓመት በፊት በረዳትነት የተመደበለት፣ የሙያ ትምህርት ቤት ያፈራው ልጅ ነው። የእርሻው ኃላፊዎች ሁሉ «ጓድ በቀለ» ይሉታል፤ ወልደማርያምን ግን ከድሮ ጀምሮ «ሞተሩ» ነው የሚሉት። ይህም ሲከነክነው ኖሯል።

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ሐረገወይን።

«ጠይቂ ልጄ።»

«እንዲያው ለምሳሌ፣ ደመወዝዎ መቶ ሰማንያ፣ ጡረታዎ ዘጠና ነው እንበል። ከሚያዝያ በኋላ ሥራ ላይ ቢቆዩ ለስንት ነው የሚሠሩት?»

«ለመቶ ሰማንያ ነዋ!»

«አይደለም ጋሼ። ዘጠናው ቤትዎ ቢቀመጡም የርስዎ ነው። ሞተሩ ዘንድ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉት ለቀረው ዘጠና ብቻ ነው። ይህ ማመልከቻ ሲፈታ፣ ‹በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በግማሽ ደመወዝ ቅጠሩኝ› ማለት ነው።»

ወልደማርያም ደነገጠ። እንዲህ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ወዲያው ራሱን ሰብሰብ አደረገና፣ «በቆየሁ ቁጥር ጡረታዬ አያድግም?» አላት።

«ጥቂት ያድጋል፤ አልዋሽዎትም። ተማሪ ልጆች ያሉት፣ ጤናው የቻለ ሰው ቢያራዝም አልነቅፈውም፤ ለእሱ ያዋጣዋል። እርስዎ ግን ልጆችዎ ራሳቸውን ችለዋል፤ ወገብዎን ደግሞ ከወንበር ሲነሡ አየዋለሁ። የጡረታ ደብዳቤ ሰውን የሚያባርር ዱላ አይደለም። አስልተው የሚወስኑበት በር ነው።»

«ልጄ» አለ ወልደማርያም ቆቡን እያጠለቀ፣ «ቁጥር ለወረቀት ነው። ለሰው ክብር ነው። ማመልከቻውን አቅርቢልኝ።»

ከዚያ ቢሮ ሲወጣ በልቡ የያዘው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ተተኪ ከሌለ ይራዘማል። ተተኪ ደግሞ እንዳይኖር ማድረግ በእጁ ነው።

ያ የውሃ ሞተር አርጅቷል። ከወንዙ ውሃ በሚስበው ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ አለች። በእሷ በኩል አየር ከገባ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አንድ ጠብታ አያነሣም። ወልደማርያም ከወንዙ ዳር ጥቁር ጭቃ ያመጣል፣ ቁራጭ ጆንያ ይነክርበታል፣ መጋጠሚያውን ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥማል። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በየሦስት ቀኑ ይለወጣል። መለዋወጫው ከዛሬ ነገ ይመጣል እየተባለ ዓመታት አልፈዋል። ይህን የሚያውቁት ወልደማርያምና ነጅሙዲን ብቻ ነበሩ። ወልደማርያም በቀለ ከተመደበ ጀምሮ ከሁሉም ቀድሞ እየደረሰ፣ ጆንያውን ጠምጥሞ፣ ላዩን በሣር ይሸፍናል። በቀለ ሲጠይቀው፣ «እሱ ለሙቀት ነው» ይለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አለው።

የካቲት ሲገባ የቆላው ወባ ወልደማርያምን ጣለው። ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ፤ ወዲያው ደግሞ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ በረደው። ከጤና ጣቢያው የሰጡትን ኪኒን እየዋጠ አልጋ ላይ ዋለ። ሞተሩም በሁለተኛው ቀን ባዶውን ሲጮኽ ቆይቶ ዝም አለ። ቤቱ ከወንዙ ብዙም ስለማይርቅ ድምፁ ሲቋረጥ ሰምቷል። ዘነበች ውሃ ይዛ ስትገባ ታሞ ፈገግ ሲል አገኘችው።

«ምነው? ተሻለህ?»

«ቆመ» አለ። «ያለኔ አይነሣም ብዬ አልነበር?»

«ችግኙ እየጠወለገ ነው ይላሉ። አርባ ሴቶች ችግኝ ጣቢያው ዳር ቁጭ ብለው ነው የዋሉት። የሽንኩርቱ ችግኝ ከደረቀ ሥራ የለም ተብለዋል።»

«ይጻፋ! ‹ተተኪ የለውም› ብሎ ይጻፍ!» አለ ወልደማርያም በትኩሳት መካከል። ዘነበች የሚለው አልገባትምና ለበሽታው ሰጥታው ወጣች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተሩ ተነሣ።

ወልደማርያም መጀመሪያ የጆሮው ጩኸት መሰለው። ኋላ ግን ለየው፤ ያ ድምፅ ባዶ ሲሽከረከር የሚያሰማው ጩኸት ሳይሆን ውሃ ሲያነሣ የሚያሰማው ከባድ ድምፅ ነበር። ከአልጋው ብድግ አለ። ሌላ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲሳሳቅ የሰማ ባል እንደዚያ አይሆንም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳ እየያዘ፣ ከዚያም የአጥሩን እንጨት እየያዘ ወደ ወንዙ ወረደ።

ሲደርስ በቀለ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ከጎኑ ነጅሙዲን እስከ ክርኑ ጭቃ ነክቶት ቆሟል። መጋጠሚያው ላይ አዲስ ጆንያ ተጠምጥሟል፤ በሣር አልተሸፈነም።

«ማን ነው ሞተሬን የነካ?» አለ ወልደማርያም።

«ጋሼ!» በቀለ ብድግ አለ። «እንዲህ ታመው ለምን መጡ?»

ወልደማርያም አላየውም። ዓይኑን ነጅሙዲን ላይ ተክሎ፣ «አንተ ነህ! የራስህን በልተህ ስትጨርስ የእኔን ልትደፋ መጣህ! ምቀኛ! እንጀራዬን ነው የዘጋኸው» አለው።

ነጅሙዲን እጁን በሣር ጠረገ። «በምንህ ልመቀኝህ ወልዴ?» አለ በቀስታ። «በትኩሳትህ? ልጁ ትናንት ቤቴ መጥቶ ለመነኝ። አልነግርህም ብለው፣ እነዚያ አርባ ሴቶች ምን ይበሉ ነበር? ከነሱ አንዷ የእኅቴ ልጅ ናት። ያንተም የጎረቤትህ ሚስት አለችበት።»

ወልደማርያም ፊቱን ወደ በቀለ አዞረና፣ «አንተስ፣ ሁለት ዓመት አፍህን ከፍተህ ስትጠብቅ የነበርከው ይህችን ቀን አይደለም?» አለው።

በቀለ አቀርቅሮ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ያላጠብኩት ዕቃ የለም። ሴቶቹ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ተምሯል የተባልኩት እኔ ነኝ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ልንገርዎት? እኔም እቀናብዎት ነበር። እኔ የማውቀው መጽሐፍ ላይ ያለውን ሞተር ነው። እርስዎ ይህንን፣ ያረጀውን፣ ከሩቅ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን ይለያሉ። ‹ይህን ዕውቀት መቼ ይሰጡኝ ይሆን› እያልኩ እጅ እጅዎን ሳይ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት።»

ወልደማርያም ወደ ሞተሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። ትኩሳቱ ግን አንገዳገደው፤ ሁለቱ ሰዎች ደግፈው ያዙት። የሚቀናበት ወዳጁ በአንድ ክንዱ፣ የሚቀናበት ረዳቱ በሌላው ክንዱ ገብተው ወደ ቤቱ ወሰዱት። ሞተሩ ከኋላቸው ያለ ማንም ውሃውን ያነሣ ነበር።

ዘነበች ካስተኛችው በኋላ ሰዎቹን ሸኝታ ተመለሰችና ከአልጋው እግርጌ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገር በቀለ ነግሯታል። የመቀነቷን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ ስደቢኝ» አለ ወልደማርያም።

«አልሰድብህም። እኔ በአንተ እቀናለሁ።»

ወልደማርያም ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

«አዎ፣ እቀናለሁ» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ከጣርማ በር ለሚወርደው አውቶቡስ ሁሉ ሆቴል ውስጥ ወጥ ሠርቻለሁ። ተሳፋሪው በልቶ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ እኔ ጭሱ ውስጥ እቀራለሁ። ዓይኔ እየደከመ ነው። አንድ ቀን ወጡ ሲያርብኝ የሆቴሉ ባለቤት ‹እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አትምጪ› ትለኛለች። የኔ ጡረታ እሱ ነው። ‹ዘነበች፣ ሃምሳ አምስት ሞልቶሻል፣ ዕረፊ› ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማን አለ? አንተን ግን፣ ‹በቃህ፣ እስክትሞት እንከፍልሃለን፣ ብትሞትም ሚስትህን አንጥልም› ብለው በማኅተም ሲጽፉልህ፣ ደብዳቤውን እንደ ክስ ወረቀት ይዘህ ትዞራለህ። በነጅሙዲን ትቀናለህ። ነጅሙዲን ያለው ምን አለ አንተ የሌለህ? አንድ ነገር ብቻ ነው የሚበልጥህ። እሱ በሰጡት ጊዜ ተቀበለ።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስማ ለእሱ ይቀለው ነበር።

«ዘነበች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የፈራሁት ገንዘቡን አይደለም። ጠዋት ተነሥቼ የት እሄዳለሁ? ማን ብለው ይጠሩኛል?»

«እሱን አላውቅም» አለች። «አንተም አታውቀውም። ለማወቅ ግን ጊዜ ተሰጥቶሃል። እኔ እሱንም አላገኘሁም።»

ሐረገወይን በቁጥር፣ ነጅሙዲን በምሳሌ ያልቻሉትን ሚስቱ በዚህች ቃል ቻለችው። ሰው በሌላው ሲቀና ራሱ የሚቀናበት ነገር እንዳለው አያይም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ‹እኔስ› ሲለው ነው የሚነቃው።

ወልደማርያም በሳምንቱ ሲሻለው በመጀመሪያ የሄደው ወደ ሐረገወይን ነበር። «ያችን ማመልከቻ መልሺልኝ» አላት። «ያልሽኝን አስልቼ አየሁት። በግማሽ ደመወዝ አልቀጠርም።» ልጅቱ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ነጅሙዲን ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ነጅሙዲን ንግግር አላበዛም። «አውፍ ብያለሁ» ብሎ ጓሮውን አዙሮ አሳየው። ወልደማርያም እያንዳንዱን ዛፍ ሲያይ ልቡን አሁንም ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገው ነበር። ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይህን እንዴት አጸደቅኸው?» ብሎ ጠየቀ።

የቀሩትን ሁለት ወራት በቀለን አስተማረ። የቧንቧውን ምስጢር በአንድ ረፋድ ነገረው፤ ሌላው ግን አላልቅ አለ። ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ሊበጠስ ሲል የሚሰጠው ሽታ፣ ወንዙ በክረምት ደለል ሲያመጣ ሞተሩ ተነሥቶ የሚዛወርበት ቦታ፣ የናፍታው ጭስ ቀለም ምን እንደሚል፣ ይህ ሁሉ በየትም አልተጻፈም። በቀለ ይጽፋል፣ ወልደማርያም ይናገራል። ‹ይህን ሁሉ አውቅ ነበር እንዴ?› ብሎ ራሱ የተገረመበት ቀን ነበር። በቀለም በበኩሉ፣ መጋጠሚያው በብየዳ ለዘለቄታው እንዲዘጋ አድርጎ ጆንያውን ጣለው። ወልደማርያም ይህን ሲያይ ጥቂት ከፋው፣ ወዲያው ግን፣ «በል እንግዲህ፣ ከኔም በለጥክ» አለው።

በሚያዝያ መጨረሻ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ማልዶ ይነሣል፣ ጫማውን ያደርጋል፣ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ገንዘቡም እንደ ፊቱ አልነበረምና ሥጋው ከቤት ቀነሰ፣ ጠጅ ቤቱም ቀረ። ነገር ግን የጡረታው ብር ሳይዘገይ በየወሩ መምጣቱን ዘነበች ባየች ጊዜ፣ ልቧ ደፈረና የሆቴሉን ሥራ ተወች። በርበሬና ሽሮ በቤቷ እያዘጋጀች ለዚያው ለሆቴሉና ለሌሎቹ ማቅረብ ጀመረች። በእሑድ ቀን ባልና ሚስቱ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጎረቤት ሁሉ አየ። ሰኔ ላይ ደግሞ በአካባቢው ያለው የቀወት ገበሬዎች ማኅበር አንድ ትንሽ የውሃ ሞተር ስለ ገዛ፣ የሚያስተምራቸው ሰው ፈልጎ ወልደማርያም ዘንድ መጣ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እየሄደ ያስተምራል። ሲደክመው ይቀራል፤ ማንም አይቆጣውም። እዚያ «መምህር» ይሉታል።

ጥቅምት ላይ የእርሻው መጋዘን ጠባቂ ታከለ ሊጠይቀው መጣ። ወልደማርያም የገበሬዎቹን ሞተር ዕቃ ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ያጸዳ ነበር። ታከለ ቁጭ ብሎ ቤቱን፣ ሴትዮዋን፣ ሰውዬውን አየና፣ «አይ አንተ! ታድለሃል» አለ። ድምፁ የምርቃት አልነበረም።

ወልደማርያም ያን ድምፅ ያውቀዋል። ለዓመት ያህል የራሱ ድምፅ ነበር። ሰው ሲቀናበት ምን እንደሚባል አያውቅምና ጥቂት ግራ ገባው።

«ደብዳቤህ መጣ እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«መጣ። ማራዘሚያ ልጠይቅ ነው። ያንን መጋዘን ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

«ታከለ» አለ ወልደማርያም ዕቃውን አስቀምጦ፣ «የቤትህን ነገር አንተ ታውቃለህና ውጣም አልውጣም አልልህም። ልጆችህ ገና ናቸው፤ ምናልባት ቢቆይልህ ይሻልህ ይሆናል። ሐረገወይን ዘንድ ሂድና ቁጭ ብለህ አስላው፤ ሳትሸሽግ ትነግርሃለች። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ‹ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም› በምትለው ነገር ራስህን አታኩራ። እኔ በእሷ ኮርቼ አርባ ሰው ላስርብ ነበር። የሚተካህ ሰው ካለህ ብትቆይ በፈቃድህ ትቆያለህ፣ ብትወጣም በክብር ትወጣለህ። ከሌለህ ግን ታስረሃል። የፈተልከው ገመድ አንተኑ ነው የሚያስርህ።»

ዘነበች ምሳ አቀረበች፤ ታከለ በላ፣ አመስግኖ ሄደ። ያሰበውን አልተናገረም።

በሚቀጥለው ሳምንት በእርሻው በኩል ያለፉ ሰዎች ግን ታከለን መጋዘኑ በር ላይ አዩት። ረዳቱን ከፊቱ አቁሞ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከሰንሰለቱ እየለየ፣ የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ ያሳየው ነበር።